ለውሻው የተረፉ ቃላት

ውሻው ወደ ቤቴ የገባው ከአባቴ በፊት ነው። የባጃጄን ባትሪ ሌቦች ከገዛ ግቢዬ ውስጥ ፈትተው ስለወሰዱብኝ፣ ማንኩሳ አካባቢ ከሚኖር አንድ የማውቀው ገበሬ ቡችላ ለመንሁና በሹራቤ ጠቅልዬ ፍኖተ ሰላም አመጣሁት። አድጎ ይናከስልኛል ብዬ ነበር። ማደጉን አደገ፤ መናከሱን ግን አልፈለገም። በር የከፈተውን ሁሉ ዘልሎ ደረቱ ላይ ይወጣል፣ የሰው ነጠላ በጥርሱ ይዞ ግቢውን ይዞራል፣ አይቶት የማያውቀውን ሰው እጅ ይልሳል። ባለቤቴ “ሌባ ቢመጣ ባትሪው የት እንዳለ መርቶ ነው የሚያሳየው” እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔም ስቄ ተውሁት። ሰው ሲመጣ በገመድ እናስረዋለን፣ ሰው ሲሄድ እንፈታዋለን፤ በዚያው ለመድነው።

አባቴ ሲመጡ ግን ነገሩ የሳቅ መሆኑ ቀረ።

አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ደብር የቅኔ መምህር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ አንድ የወይራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ሲያስቀኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ቅኔ ለማያውቅ ሰው ይህን ብቻ ልንገረው፤ ቅኔ አይደገምም። ማኅሌት ላይ የሚቀኝ ሰው ለዚያ ቀን፣ ለዚያ በዓል ብሎ አዲስ ነገር ያወጣል። ትናንት የተባለውን ዛሬ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። አባቴ በዚህ የታወቁ ነበሩ። ለበዓል አዲስ፣ ለሟች አዲስ፣ ለሙሽራ አዲስ፤ ዝናብ ዘግይቶበት ሊያማክራቸው ለመጣ ገበሬ እንኳ አዲስ ነገር አያጡለትም።

እኔም ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበርሁ። የምጠራቸውም እንደ ሌሎቹ “የኔታ” ብዬ ነው። ጉባኤ ላይ አባባ ማለት አይቻልም፤ ቤት ስንገባም አፌ አልመለስ አለኝና በዚያው ቀረ። ቅኔው አልሆነልኝም። ለምን እዋሻለሁ፣ አልወደድሁትም። ጢሜ በቅጡ ሳይወጣ ከቡሬ በሚነሣ አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኜ ሄድሁ፤ ከዚያ ሾፌር ሆንሁ፤ ከዚያ ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ ያዝሁ። አባቴ አልረገሙኝም። ለመጠየቅ ስሄድ “ደህና ነህ?” ይሉኛል፤ “እግዚአብሔር ይመስገን” እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ሳገባ ከሙሽራዬ ጋራ ተንበርክኬ መረቁን። የመረቁን ግን ለማንም ሙሽራ በሚባለው ቃል ነው። ለጎረቤት ልጅ ሠርግ እንደ ምንጭ የሚፈልቁት ሰው፣ የእኔ ሲሆን ሁሉም በቃሉ የሚያውቀውን ብለው እጃቸውን አወረዱ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ለእኔ ተብሎ የወጣ አንድ ቃል ከእሳቸው አፍ መስማት። ይህን ከባለቤቴ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በሽታው የያዛቸው መስከረም ላይ ነው። ጉባኤ ተቀምጠው ተማሪ እየሰሙ ሳለ ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ወደቀ፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ሄደ። ተማሪዎቹ በቃሬዛ ተሸክመው ቡሬ አደረሷቸው፤ ከዚያ እኔ ዘንድ መጡ። ሐኪም ቤት የሚቻለውን አደረጉላቸው። “ባሕር ዳር ብትወስዳቸው ጥሩ ነው” ተብዬም ነበር። ግን መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ሲከፈት መኪና ይጠፋል፣ መኪና ሲገኝ እሳቸው ይደክማቸዋል፤ እንዲህ እያለ ሳይሆን ቀረ። አንዲት ነርስ ወደ ውጭ ጠራችኝና “ቤት ስትገቡ አጫጭር ቃል እየደጋገማችሁ አስብሏቸው፤ እንደ ሕፃን ነው የሚለምዱት” አለችኝ። እሺ አልኋት።

ቤት ገብተን ሞከርነው። የሚገርመው ነገር፣ ባለቤቴ አቡነ ዘበሰማያትን ስትጀምርላቸው አብረዋት ያለ አንዳች እንከን እስከ መጨረሻው ይወርዱታል። በዚያች ሰዓት የሚሰማቸው ሰው ምንም አልሆኑም ይላል። ጸሎቱ ሲያልቅ ግን ውኃ ስጡኝ ማለት አይችሉም። የራሳቸውን ነገር ሊናገሩ ሲሉ አፋቸው ይከፈታል፣ የአንገታቸው ሥር ይገተራል፣ የሚወጣው ግን “እ... እ...” ብቻ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃል የያዙት በሙሉ አለ፤ አዲስ ነገር የሚያወጡበት ነው የተዘጋው። እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር። “ውኃ በሉ፣ የኔታ፣ ውኃ” ስላቸው ፊታቸውን ያዞሩብኛል። ተቆጥተው ነው ወይስ አፍረው፣ ያን ጊዜ አልለየሁም።

አፍረው እንደነበረ የገባኝ አንድ መሪጌታ ሊጠይቋቸው በመጡ ቀን ነው። ሰውዬው የአባቴ የጥንት ተማሪ፣ ኋላም በጉባኤው ላይ ረዳታቸው የነበሩ፣ እኔንም በልጅነቴ ያስጠኑኝ ሽማግሌ ናቸው። በእግራቸውም በመኪናም ተንገላተው ነው የደረሱት። አባቴ ድምፃቸውን ከበር ሲሰሙ ግራ እጃቸውን አንሥተው “አይሆንም” አሉኝ፣ በእጃቸው። ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ በር ላይ ወጥቼ “ተኝተዋል፣ መሪጌታ” አልሁ።

“ግዴለም፣ አልቀሰቅሳቸውም። እስኪነሡ እቀመጣለሁ፤ ድምፃቸውን ብቻ ሰምቼ ልመለስ እንጅ” አሉ።

“ዛሬ አይነሡም” አልኋቸው። ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና “በል፣ ሰላም በልልኝ፣ ልጀ” ብለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ተማሪ ሁሉ እንዲሁ እያልሁ መለስሁ። አባቴ ያን አንደበታቸውን ያወቀ ሰው ይህን እንዲሰማ አልፈለጉም።

አሁን ወደ ውሻው ልመለስ። አባቴ ውሻ አይወዱም። አይወዱም ማለት ያንሳል፤ ይፈሩ ነበር። በተማሪነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያሉ በየደጁ ለምነው ነው የተማሩት። የቆሎ ተማሪ ጠላቱ ውሻ ነው። ባታቸው ላይ የተሰፋ የመሰለ ጠባሳ ነበራቸው፤ ደህና በነበሩ ጊዜ ተማሪዎቻቸውን ሲያስቁ “የዚህ አገር ውሻ ሁሉ ቀምሶኛል” ይሉ ነበር። እንግዲህ እኒህ ሰው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ፀሐይ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የእኔ ጉድ ደግሞ ገመዱን በጥሶ ይመጣና የጋቢያቸውን ጫፍ ይዞ ይጎትታል። መጮህ አይችሉም። መነሣት አይችሉም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ሆነው፣ ውሻው ጋቢውን በርበሬ ከተሰጣበት ሸራ ላይ እየጎተተው አገኘሁ። ባለቤቴ እንጀራ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ስትመለስ አለቀሰችና “ወይ ይሄ ውሻ ሥርዓት ይማር፣ ወይ ከዚህ ቤት ይውጣ” አለች።

ላስወጣው ነበር። ግን ልብ አጣሁ። ሥርዓት ላስተምረው ብዬ ተነሣሁ።

ኔትወርክ በነበረ ቀን ውሻ ስለማስተማር የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኬ ላይ አውርጄ ነበር። ሰውዬው ቁራጭ ሥጋ በጣቱ ይዞ ከውሻው አፍንጫ በላይ ከፍ ሲያደርግ ውሻው ቁጭ ይላል፤ ያኔ ሥጋውን ያጎርሰዋል። ቀላል ነው። ችግሩ ጊዜው ሁዳዴ ነበር። የቅኔ መምህር ባሉበት ቤት፣ በዐቢይ ጾም፣ ለውሻ ብዬ ሥጋ ልገዛ? ሥጋ ቤቱም ዝግ ነው። በቂጣ ጀመርሁ። ውሻው ቂጣውን አሽትቶ ፊቱን ያዞራል፣ ሲርበው ደግሞ ቁጭ ሳይል ከእጄ ይነጥቀኛል። ሽምብራ ሞከርሁ። “ቁጭ በል” እለዋለሁ፣ ይዘልላል። “ና” እለዋለሁ፣ ይሸሻል። “ቆይ” እለዋለሁ፣ ይከተለኛል። ትዕግሥት የለኝም፤ ባጃጅ ተራ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጮህሁበት፣ ጫማ ወረወርሁበት። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ከተቀመጠው ወንበራቸው ላይ ሆነው ዝም ብለው ያዩናል። መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው እንደያዙ ናቸው።

እንዲህ እያልን ጾሙ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሻው እኔን አምልጦ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሮጠ። እኔ “ቁጭ በል! ኧረ ቁጭ በል!” እያልሁ ተከተልሁት። ከእሳቸው ዘንድ አንድ ድምፅ ወጣ።

“ቁት!”

ወፍራም፣ ወደ ጎን የሚጎተት ድምፅ ነው። “ጭ” የምትለዋን ፊደል ማውጣት አልቻሉም። ውሻው ግን ካለበት ቆመ፤ አያቸው። እሳቸውም አዩት። ደግመው “ቁት” አሉ፣ አሁን ቀስ ብለው፣ መቋሚያውን መሬት ላይ እያስነኩ። ውሻውም ከእግራቸው ሥር ቁጭ አለ።

ባለቤቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ጫማዬን በእጄ እንደያዝሁ ቆምሁ። ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቃል ከአፋቸው ለማውጣት ያላደረግሁት ነገር የለም። ስሜን በሉ ብያቸዋለሁ፣ ውኃ በሉ ብያቸዋለሁ፤ ፊታቸውን ነው ያዞሩብኝ። ይኸው አሁን ለውሻ ተናገሩ። ደስ አለኝ፤ ተናደድሁም። የትኛው እንደበለጠ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የውሻው መምህር እሳቸው ሆኑ። እኔ የሚበላ ነገር ይዤ አጠገብ እቆማለሁ፤ ማዘዙ የእሳቸው ነው። ና ለማለት “ላ” ይላሉ። ቆይ ለማለት “ቶይ” ይላሉ። ቁት፣ ላ፣ ቶይ፤ ይኸው ነው። ሦስቱንም ያወጧቸው በብዙ ጭንቅ ነው፤ “ላ” ከመውጣቷ በፊት ግንባራቸው በላብ ይርስ ነበር። ግን ከውሻው ፊት አያፍሩም። ውሻው ድሮ እንዴት ይናገሩ እንደነበር አያውቅም። ተሰባብሮ የወጣውን ቃል ሙሉ እንደሆነ አድርጎ ይቀበላቸዋል፤ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ከአፋቸው ሳይነቅል ይጠብቃል። እኛ ስንጠብቃቸው ፊታችን ላይ ኀዘን ይታይ ነበር፤ እሱ ላይ አይታይም።

ያን ያህል የታገሡለት ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ጉባኤ ላይ የሳተ ተማሪ ዓይናቸውን አይቶ ነበር የሚንቀጠቀጠው። እኔ ራሴ አንድ ስንኝ ደጋግሜ ስሰብርባቸው ምንም ሳይሉ ወደ ቀጣዩ ተማሪ ሲዞሩ አስታውሳለሁ፤ ከዱላ የባሰ ነበር። ውሻው ግን ሲስት እንደገና “ቁት” ይሉታል። እንደገና። ቅኔ ደግመው የማያውቁ ሰው አንዲቱን ቃል ጠዋትና ማታ ሲደግሙ ይውላሉ፤ የሰለቻቸውም አይመስልም ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሥጋ ሲገኝ ቁራጩን በግራ እጃቸው ራሳቸው ማጉረስ ጀመሩ። ባታቸው ላይ ያን ሁሉ ጠባሳ የተሸከሙ ሰው እጃቸውን ውሻ አፍ ውስጥ ያስገባሉ። አንድ ጊዜ ጭንቅላቱን ሲደባብሱት አይቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። በውሻ መቅናት እንዴት እንደሚያሳፍር የቀና ያውቀዋል።

ውሻውም የእኔን ቃል ረሳ። “ቁጭ በል” ስለው ዞሮ እሳቸውን ያያል። የሚታዘዘው “ቁት” ሲባል ብቻ ሆነ፤ ያውም በእሳቸው ድምፅ። ባለቤቴ “ምን ታደርገው፣ ትምህርቱን ከሊቅ ነው የጀመረው” አለችኝ። ሳቅሁ፤ ግን ውስጤ አልሳቀም።

በሰኔ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው በር ድረስ መሄድ ቻሉ። ውሻው በጎናቸው ይሄዳል፤ ሲቆሙ ቁጭ ይላል፣ ሲነሡ ይነሣል። ተሻላቸው ብለን ነበር። እኔም ተስፋ አደረግሁ። ለውሻ ከተገኘ ለልጅ አይጠፋም ብዬ ማሰብ ጀመርሁ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው ጠራ ብሎ አገኘኋቸው። ባለቤቴ የለችም። ግቢው ጸጥ ብሏል። ባርኔጣዬን አወለቅሁና ከፊታቸው ተንበረከክሁ።

“የኔታ፣ ይመርቁኝ” አልሁ።

አዩኝ። ምን እንደምለምናቸው ገብቷቸዋል፤ ይህን ከዓይናቸው አይቻለሁ። ግራ እጃቸውን አንሥተው ራሴ ላይ አደረጉት። እጃቸው ከበደኝ። አቡነ ዘበሰማያትን ብጀምርላቸው አብረውኝ እንደሚሉት አውቃለሁ። እኔ ግን ሁሉም የሚለውን አልፈለግሁም፤ እሳቸውም ያን ሊሉ አልጀመሩም። የራሳቸውን ነገር ሊያወጡ ነው የታገሉት። አፋቸው ተከፈተ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ጠበቅሁ፤ ጉልበቴ ድንጋይ ላይ ነበር፣ አልተንቀሳቀስሁም።

“ቁት” አሉኝ።

ራሳቸው ሰሙት። ፊታቸው ተለወጠ። ራሳቸውን ነቅንቀው እንደገና ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ሌላ ነገር ሲፈልግ ይታየኛል፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

“ላ... ላ...”

እጃቸውን ከራሴ ላይ አንሥተው የወንበሩን እጀታ መቱ። ደግመው መቱ። “ይተዉት፣ የኔታ፣ ግዴለም፣ ሌላ ቀን ይሉኛል” እያልሁ እጃቸውን ልይዝ ስል ገፈተሩኝ፤ ከዚያ አለቀሱ። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ እናቴ ስትቀበር እንኳ ለእሷ ቆመው ቅኔ ነበር ያቀረቡት። እንባቸው ከማይሠራው የአፋቸው ጎን ሲወርድ መጥረግ አልቻሉም፤ እኔም ላብስላቸው ብዬ እጄን ለመስደድ ፈራሁ። ውሻው “ላ” የተባለ መስሎት መጥቶ መሐላችን ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ለውሻውም አልተናገሩም። እሱ ጠዋት ጠዋት ከወንበራቸው ሥር ቀርቦ አፋቸውን ያያል፤ እሳቸው ሩቅ ያያሉ። ያለቻቸውን ጥቂት ነገር እኔ እንደዘጋሁባቸው ተሰማኝ። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ነው አንድ ቀን ከጓዳ ሆኜ “ቶይ” ሲሉ የሰማሁት። ያን ቀን ባጃጄን ሳላወጣ ዋልሁ። ስለ ምርቃት ግን ዳግመኛ አላነሣሁባቸውም። እሳቸውም አልሞከሩም። አንዳንዴ ብቻ ጫማዬን አስሬ ልወጣ ስል ዓይናቸው ይከተለኛል፤ አፋቸው ትንሽ ይከፈትና ይዘጋል። እኔ አይቼ እንዳላየሁ እወጣለሁ።

ኅዳር ላይ፣ በቆሎው በሚሰበሰብበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ፀሐይ ላይ እንዳስቀመጥናቸው ሄዱ። ባለቤቴ አጥሚት ይዛ ስትመጣ ራሳቸው ዘንበል ብሎ ነበር። ውሻው ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብሏል፤ ቁጭ በል ብለውት ይሁን ራሱ ተቀምጦ፣ የሚያውቅ የለም።

በደብራቸው ቀበርናቸው። መንገዱ በዚያ ሰሞን ስላልተከፈተ ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ ለቀብሩ አልደረሱም። ለቅሶውን ተቀምጠን ፍኖተ ሰላም ከተመለስን በኋላ ነው እያፈላለጉ መምጣት የጀመሩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሪጌታው መጡ፤ ያን ጊዜ ከበር የመለስኋቸው ሽማግሌ። ሌሎች ነጭ የለበሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ተማሪዎችም አብረዋቸው ነበሩ። መቋሚያቸውን ይዘው በሩን ከፈት አድርገው ገቡ።

ውሻውን ጎረቤት አስሮ ሲጠብቅልን ሰንብቶ ነበር፤ ያን ቀን ፈትቼዋለሁ። ሰው ሲያይ የሚልሰው ያ ውሻ፣ የሚንጠለጠለውን ጋቢና መቋሚያ ሲያይ ምን እንደመሰለው እንጃ፣ እንደ እብድ ሮጦ ሄደባቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ መቋሚያቸውን ወደ ፊት አዞሩ። በሽምግልናቸውም እጃቸው የቆሎ ተማሪነቱን አልረሳም። መሪጌታው ተደናቅፈው በሩን ተደገፉ። እኔ “ተው! ቁጭ በል! ቁጭ!” እያልሁ ጮህሁ፤ ዞሮም አላየኝ። ሌላ ምን ልበል? የምለው ስለጠፋኝ አፌን እንደ እሳቸው ወደ ጎን አደረግሁና፣ ከጉሮሮዬ ጎትቼ፣

“ቁት!” አልሁ።

ውሻው ባለበት ቁጭ አለ። ጭራውን መሬት ላይ እያወዛወዘ ግቢውን በዓይኑ ፈለገ፤ ወንበሩን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ሄዶ ግድግዳው ሥር ተኛ።

እንግዶቹን አስገብቼ፣ ይቅርታ ጠይቄ አስቀመጥኋቸው። “እግዚአብሔር ያጥናህ” አሉኝ፤ “ነፍሳቸውን ይማር” አሉ። መሪጌታው ግን ውሻውን ማየት አልተዉም።

“ምን ነበር ያልኸው?” አሉኝ በመጨረሻ።

ልዋሽ ነበር። ደከመኝ። “የኔታ እንዲያ ነበር የሚሉት” አልሁ። “እኔ ስናገረው አይሰማኝም። ቋንቋው የእሳቸው ነው።” ሲታመሙ እንዴት ይናገሩ እንደነበር፣ ለምን ሰው እንደማያስገቡ፣ ለውሻው ስንት ቃል እንደነበራቸው ነገርኋቸው።  ያን ጊዜ ሊሰሙት መጥተው የተከለከሉት ድምፅ ይህ እንደነበረ ገብቷቸዋል። አንደኛው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ለቅሶ የደረሰ ሽማግሌ ሁሉ የሟችን ልጅ የሚጠይቀውን ጠየቁኝ።

“መርቀውህ ነው የሄዱ፣ ልጀ?”

ሁሉም አዩኝ። እንዲህ ሲባል “አዎ” ማለት ደንብ ነው፤ ማንም መርምሮ አይጠይቅም፣ ጠያቂውም ደስ ብሎት ይሄዳል። አዎ ልል አፌን ከፈትሁ።

“ለመንኋቸው” አልሁ፤ “እጃቸውንም ራሴ ላይ አደረጉ፤ ብዙ ታገሉ፤ ከዚያ ‘ቁት’ አሉኝ።”

ግድግዳው ሥር የተኛው ውሻ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ተነሣና ቁጭ አለ።  እኔም ካባቴ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእነዚያ ሁሉ ሊቃውንት ፊት፣ እንደ ልጅ ጮኼ አለቀስሁ።